ዲገሉን የጣለው ዋግና የአሰላ ዝንቦች

ባለፈው ዓመት ለለቅሶ አሰላ ሄጄ ሰነበትኩ። የአክስቴ ልጅ ሳጉሬ አጠገብ ስንዴ የሚያርስ፣ በዕድሜም የሚበልጠኝ ሰው ነው። ሲያስለው አይቼ «ቆይ እኔ ላምጣልህ» አልኩና ከአንድ መድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ጠየቅሁ። ልጅቷ የሐኪም ማዘዣ አልጠየቀችኝም፤ የጠየቀችኝ «ስንት ፍሬ?» ብላ ነው። ዘመዴ ሦስት ቀን ወስዶ ሲሻለው የተረፈውን በወረቀት ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠ። ሕግ የተማርኩ ሰው መሆኔና የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሚባል ነገር መኖሩ ትዝ ያለኝ ስመለስ፣ አዳማን ካለፍኩ በኋላ ነው።

የሚገርመው ዘመዴ የነገሩን ምስጢር ከእኔ ይበልጥ ያውቃል። ኩብሳ የተባለው የስንዴ ዝርያ በ2003 ዓ.ም. በቢጫ ዋግ ሲመታ አይቷል። ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ሲባል እንደ ብዙ ገበሬ ወደ ዲገሉ ዞረ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ዲገሉን የሚጥል ሌላ የግንድ ዋግ ዘር ባሌ ላይ ተነሣ፤ አርሲም ደረሰ። «ዋጉ ለመደው» ይላል እሱ ባጭሩ። ከአሰላ በመኪና የጥቂት ደቂቃ መንገድ ላይ ያለው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል አንዱ ዋና ሥራም ይኸው ነው፤ ዋግ የለመደውን ዝርያ በአዲስ መተካት።

ባክቴሪያም እንደዚያው ይለምዳል። ልዩነቱ ለስንዴው ቁሉምሳ አለው። አዳዲስ አንቲባዮቲክ የሚያወጣ «ቁሉምሳ» ግን በሀብታሞቹ አገሮች እንኳ እየተመናመነ ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ጥናት መሠረት በ2019 ብቻ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ የገደሉት ሰው 1.27 ሚሊዮን ይገመታል።

ወደ አሰላ ልመለስ። በአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የአሰላ ማስተማሪያና ሪፈራል ሆስፒታል፣ ሴፕሲስ ተጠርጥሮባቸው በተኙ ጨቅላ ሕፃናት ደም ላይ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። ከተገኙት ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ ብዙ ዓይነት መድኃኒት የሚቋቋሙ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከጀርመኑ የዱሰልዶርፍ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚሠሩ ተመራማሪዎች በሆስፒታሉና በአካባቢው ዝንቦችን ይዘው መረመሩ። ዝንቦቹ እንደ ሴፍትሪአክሶን ያሉትን መድኃኒቶች የሚያፈርስ ኢንዛይም የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ተሸክመው ተገኙ። ይህን የማነሣው አሰላን ለማሳጣት አይደለም። አሰላ ዝንቡን ይዞ መረመረ፤ ሌላው ዝንቡን እሽ ብሎ ዝም አለ።

ታዲያ ምን ተስፋ አለ? በዚህ ዘመን ኬሚስቶችን ከያዙት ሥራዎች አንዱ ባክቴሪያን ገድሎ የሰውን ሕዋስ የማይነካ ሰው ሠራሽ ፖሊመር መፍጠር ነው። መነሻው እንቁራሪት ናት። ማይክል ዛስሎፍ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1987 ከእንቁራሪት ቆዳ ባክቴሪያ የሚገድሉ ትንንሽ ፕሮቲኖች ማግኘታቸውን አሳተሙ። የባክቴሪያ የውጭ ሽፋን አሉታዊ ቻርጅ ይበዛበታል፤ የእኛ ሕዋስ የውጭ ገጽ ግን ገለልተኛ ሊባል ይችላል፤ ኮሌስትሮልም ያጠነክረዋል። ስለዚህ አዎንታዊ ቻርጅ የተሸከመ ሞለኪውል ባክቴሪያውን መርጦ ይጣበቅበታል፤ ቅባት ወዳድ በሆነው ክፍሉ ደግሞ ሽፋኑን ይበሳዋል። የእንቁራሪቷን ዓይነት ፕሮቲን መሥራት ውድ ነው፣ ሰውነታችንም ቶሎ ይፈጨዋል፤ ፖሊመር ግን ርካሽና ጠንካራ ሊሆን ይችላል።

ችግሩ ልኩ ላይ ነው። ቅባት ወዳዱ ክፍል ሲበዛ ፖሊመሩ የእኛንም ቀይ የደም ሕዋስ ያፈነዳል፤ ሲያንስ ባክቴሪያውንም አይገድል። በፍርድ ቤት ቋንቋ ጥፋተኛውን ሲይዝ ንጹሑን መልቀቅ አለበት። የሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 በኮከብ ቅርጽ የሠሩት ፖሊመር የመጨረሻ መጠባበቂያ የሚባለውን ኮሊስቲን የተላመደ ባክቴሪያ በአይጦች ላይ ድል መንሣቱን አሳይተዋል። ከአይጥ እስከ ሰው ግን ሩቅ ነው። በዚህ መንገድ የተሠራና በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት እስካሁን በገበያ ላይ የለም። ለቁስል ማጠቢያ የሚውሉ የቆዩ ዘመዶቻቸው ግን አሉ፤ ለእኛም ቀድመው የሚደርሱን በቁስል መሸፈኛና በካቴተር ላይ የሚቀቡት ይመስሉኛል።

«ባክቴሪያ ሽፋኑን መቀየር ስለማይችል አይለምደውም» የሚለውን ብዙም አላምነውም። ኮሊስቲንም የሚያጠቃው ያንኑ ሽፋን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የሽፋኑን ቻርጅ የሚቀንስ፣ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚተላለፍ ጂን ቻይና ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። ዲገሉም ለጊዜው ዲገሉ ነበር።

ሌላው ገንዘብ ነው። አካኦጅን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አንቲባዮቲክ አስፈቅዶ በ2019 ከሰረ። አንቲባዮቲክ ተቆጥቦ የሚሰጥ መድኃኒት ነውና ነጋዴውን አያጠግብም። ታዲያ ማን ይሥራው? እኛ ፖሊመሩን ባንሠራ እንኳ መሞከሪያ የሚሆኑት አደገኛ ባክቴሪያዎች በእጃችን አሉ። የጄኔቲክ ሀብት አዋጅ ቁጥር 482/1998 ወደ ውጭ ስለሚወጣ ሀብት ፈቃድና የጥቅም መጋራት ይጠይቃል፤ ባክቴሪያም በዚህ ይገባል ብዬ እከራከራለሁ። በጤፍ ምን እንደደረሰብን የሚያስታውስ ሰው ለምን እንደምሟገት አይጠፋውም። ድርሻችን ገንዘብ ባይሆን፣ መድኃኒቱ ሲወጣ በምንችለው ዋጋ ማግኘት መሆን አለበት፤ ይህ የሚጻፈው ናሙናው ከመሄዱ በፊት ነው።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር ለዘመዴ ደወልኩለት። ያን የተረፈውን ኪኒን እንዳትወስደው፣ አስወግደው አልኩት። ሳቀ።

«የቱን? እሱንማ ጥጃዋ ስታስቀምጥ ጊዜ በጥብጬ አጠጣኋት» አለኝ።