ጎፈሬና ሚዶዋ

«አስተማሪ ሆኖ ስለ ድመት ጠጉር ሊጽፍልን ነውን?» ብላችሁ እንደምትስቁ አውቃለሁ። ሳቁ፤ ግድ የለም። እኔም ራሴ ያለፈው ክረምት እስኪመጣ ድረስ የድመት ጠጉር ያሳስበኛል ብዬ አላሰብሁም ነበር።

የምኖረው መርካቶ ነው፤ ከእህል በረንዳ ጥቂት ራቅ ብሎ ከሚገኝ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። የግቢው እመቤት እህል ነጋዴ ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ጤፉ፣ ስንዴውና ሽምብራው በጆንያ ተደርድሮ የሚያድረው ከግቢው መጋዘን ነው። እህል ባለበት አይጥ አለ፤ አይጥ ባለበትም ድመት ታስፈልጋለች። በመርካቶ ድመት የምትያዘው ለጌጥ አይደለም፤ እንደ ዘበኛ ተቀጥራ ነው፤ ደመወዟም ከልኳንዳ የተረፈ ቁራጭ ሥጋ ነው።

የእትዬ ድመት ግን ከሌሎቹ ትለያለች። ጠጉሯ ረጅምና ድርብ ነው፤ ከአንገቷ ላይ እንደ አንበሳ ጋማ ዘንፈል ይላል። ስለዚህም ጎፈሬ ተባለች። እናቷ አጭር ጠጉር ያላት የሰፈር ድመት ነበረች፤ ይህም የሚያስደንቅ አይደለም። ረጅም ጠጉር ከእናትም ከአባትም አብሮ ሲወረስ ብቻ የሚገለጥ ጠባይ ስለሆነ፣ በሁለቱ ወላጆች ውስጥ ተሰውሮ ኖሮ በልጅ ላይ ብቅ ይላል።

ስለ ድመት ዘር ካነሣሁ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። በውጭ አገር «አቢሲኒያን»፣ ማለትም የሐበሻ ድመት የምትባል አጭር ጠጉር ያላት ዝርያ አለች። ስሟ የተያያዘው የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ዘመቻ ሲመለስ ከአገራችን ይዟት ሄደ ከሚል ወሬ ጋር ነው። ዘሯን የመረመሩ ሊቃውንት ግን ምንጯን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ይመሩታል። ኋላም ረጅም ጠጉር ያላት እኅቷ ስትገኝ፣ አሜሪካውያን አርቢዎች የሐበሻ ጎረቤት ሶማሊያ ናት ብለው «ሶማሊ» አሏት። እንግዲህ ፍርዱን ተመልከቱ፤ አገራችንን ያላየች ድመት በስማችን ስትከበር፣ ከግቢያችን የተወለደችው ጎፈሬ ግን በጆንያ ታስራ ልትጣል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ክረምት ገባ። የመርካቶን ጭቃ የማያውቅ የለም። ጎፈሬ ከጭቃው፣ ከዱቄቱና ከበርበሬው ብናኝ መካከል ስትመላለስ ጠጉሯ ተቆላለፈ። ከጆሮዋ ኋላ፣ ከብብቷ፣ ከሆዷና ከጭኗ ሥር ያለው ጠጉር እንደ ባና ድርቅ አለ። ስትራመድ ቆዳዋን ይስባታል፤ ስለዚህ መዝለል ተወች፤ ከምድጃ አጠገብም ተጋድማ ትውል ጀመር። አይጦቹም ይህን ለማወቅ ጊዜ አልወሰደባቸውም፤ አንድ ጆንያ ጤፍ ተበስቶ አደረ።

እትዬ ጠሩኝና «መምህር፣ ይህች ድመት እንግዲህ ሰነፈች። ቅዳሜ ልጁ በጆንያ ከትቶ ኮልፌ ይጥላታል» አሉኝ።

«እትዬ፣ ገና ሦስት ዓመቷ እኮ ነው። የከበዳት ጠጉሯ ነው» አልኋቸው።

«እንግዲያው ቅቤ ቀባት!» አሉና ሳቁ። እኔ ግን የምሩን መስሎኝ ቀባኋት። ጎፈሬ ሲሶውን ላሰችው፤ በቀረው ላይ የመጋዘኑ አቧራ ሁሉ ተለጠፈበት።

ከዚያ የባሰውን ደግሞ ልናዘዝ። በማግሥቱ መቀስ ተውሼ ከብብቷ ያለውን ቋጠሮ ለመቁረጥ ተነሣሁ። የድመት ቆዳ ስስና ልል ነው፤ ቋጠሮውም ቆዳውን ወደ ላይ ስቦ ይይዘዋል። ጠጉር ቆረጥሁ ስል ስሙኒ የሚያህል ቆዳ ቆረጥሁ። ጎፈሬ ጮኸች፤ አውራ ጣቴንም እስኪደማ ነከሰችኝ። በዚያን ጊዜ የተሰማኝ ኀፍረት ከሕመሙ ይብስ ነበር፤ ሌላው የተማረ ሰው ይመስለኛል፣ እኔ ግን ያላወቅሁትን ነገር ሳልጠይቅ ጀመርሁ።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተው። በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ አለ፤ በሽታው ከውሻ ብቻ ሳይሆን ከድመትም ይተላለፋል፤ ምልክቱ ከታየም በኋላ መዳን የለም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ድመት የነከሰችው ሰው ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ይጠብ፤ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ሂዶ ስለ ክትባቱ ይጠይቅ። እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ድመቲቱን ደግሞ በካርቶን ይዤ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኋት፤ ዐሥር ቀን እንድንጠብቃትና ጠባይዋን እንድናይ አዘዘን፤ ደኅናም ሆና ቈየች።

ከሐኪሙ የተማርሁትን እነሆ እጽፋለሁ።

በመጀመሪያ፣ ድመት ራሷን ታጸዳለች፤ ታዲያ የእኛ እጅ ለምን ያስፈልጋል? ለሚለው መልስ አለው። የድመት ምላስ ወደ ጉሮሮዋ ባጋደሉ ጥቃቅን እሾሆች የተሸፈነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካው ጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ የእነዚህ እሾሆች ጫፍ እንደ ማንኪያ ጎድጎድ ያለና ምራቅን እስከ ቆዳ ድረስ የሚያደርስ ሆኖ ተገኝቷል። ነገር ግን እንደ ፋርስ ድመት ባለ ረጅምና ድርብ ጠጉር ላይ እሾሁ ከቆዳው አይደርስም። ስለዚህ ጎፈሬ የተቆላለፈችው በስንፍናዋ አይደለም፤ የተሰጣት ሚዶ ስላጠረ ነው።

ሁለተኛ፣ መሣሪያው ውድ አይደለም። ጥርሱ ሰፋ ያለ አንድ ሚዶና ጥርሱ ጠበቅ ያለ አንድ ማበጠሪያ ይበቃል። አባቶቻችን ጎፈሬያቸውን ያበጥሩበት የነበረው የእንጨት ሚዶ ለዚህ የተሠራ ይመስላል።

ሦስተኛ፣ ጊዜዋን ጠብቁ። በልታ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲላት ከጭናችሁ አስቀምጧት። ከጀርባዋ ጀምሩ፤ ሆዷንና ብብቷን ለኋላ ተዉት። ቋጠሮ ስታገኙ ሥሩን በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ ያዙ፤ ቆዳዋ እንዳይሳብ ነው። ከዚያ ከጠጉሩ ጫፍ ጀምራችሁ ጥቂት በጥቂት ወደ ሥሩ ፍቱት። ከሥሩ ጀምሮ መጎተት ማሠቃየት ብቻ ነው። ጅራቷን ካወዛወዘች ወይም ጆሮዋን ወደ ኋላ ከደፋች፣ «ይበቃኛል» ማለቷ ስለሆነ ልቀቋት። በቀን ዐሥር ደቂቃ በወር አንድ ጊዜ ከሚደረግ ትግል ይሻላል።

አራተኛ፣ ሳታበጥሩ አትጠቡ፤ የረጠበ ቋጠሮ ሲደርቅ ይብሱን ይጠብቃል። ከቆዳ የተጣበቀውን ደግሞ ለሐኪም ተዉለት፤ እርሱ በቶንዶስ ይላጨዋል። መቀስ ያልኋችሁ እንደሆነ ጣቴን አስታውሱ።

አምስተኛ፣ ከማበጠሪያው የሚረግፈውን ጥቁር ብናኝ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ አድርጉት፤ ወደ ቀይ ከተለወጠ የቁንጫ ኩስ ነው። ቁንጫውን እገድላለሁ ብሎ ነጭ ጋዝ መቀባት ወይም ለውሻ የተሠራ መድኃኒት ማፍሰስ ግን ድመቲቱን መግደል ነው። ለውሻ ከሚሠሩት አንዳንዶቹ ፐርሜትሪን የሚባል ነገር አለባቸው፤ የድመት ጉበት ይህን መርዝ አብርዶ ማስወገድ አይችልም።

እንግዲህ ቅዳሜ ደረሰ። ሐኪሙ ከብብቷና ከሆዷ ያለውን ልጭቶላት ነበር፤ እኔም ከጀርባዋ ግማሹን ብቻ ፈትቻለሁ። ጎፈሬ ግማሽ ጎኗ የተላጨ፣ ግማሽ ጎኗ የተበጠረ ሆና ስትወጣ የግቢው ልጆች ከሣቅ ብዛት ወደቁ። እትዬ ግን አልሳቁም። ልጁ ጆንያውን ይዞ ሲጠብቅ፣ እርሳቸው ቁስሏንና የታሸገውን ጣቴን ተራ በተራ ተመለከቱና «አንድ ሳምንት ጨምሬልሃለሁ» አሉኝ። ልጁን ደግሞ «ጆንያውን መልስ፤ ስንዴ ይከተትበታል» አሉት።

በየማታው ደብተር ከማረም በፊት ዐሥር ዐሥር ደቂቃ አበጠርኋት። በሁለተኛው ሳምንት ከጆንያ ወደ ጆንያ ስትዘል አየኋት። ከጥቂት ቀንም በኋላ ጧት በሬን ስከፍት አንድ ትልቅ አይጥ ከደጃፌ ተዘርግቶ አገኘሁ። ደመወዜ መሆኑ ነው።

ትናንት ወደ ተማሪ ቤት ስወጣ እትዬ ከመጋዘኑ ደጃፍ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጎፈሬ ከጭናቸው ላይ ናት፤ በእጃቸው አዲስ ሚዶ ይዘዋል። ሲያዩኝ ትንሽ ዐፈር አሉና «አንተ ሥራ ስለሚበዛብህ ነው እንጂ...» አሉኝ። እኔም እንዳላየ ሆኜ አለፍሁ።

ተማሪው ያልተጠና ትምህርት፣ ጸሐፊው ያልተነካ ፋይል፣ እኔም ያልታረመ ደብተር አለን። ሁላችንም ቅዳሜ ሲደርስ መቀስ እንፈልጋለን። እኔ በበኩሌ ሚዶውን መርጫለሁ፤ ከጫፉ ጀምሮ፣ በቀን ዐሥር ደቂቃ።