አንድ ክፍል፣ ሦስት ትውልድ

በአገራችን የማታና የቅዳሜና እሁድ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት በተስፋፋ ቁጥር ስለ ክፍያው፣ ስለ ጥራቱና ስለ ተመራቂው ብዛት ብዙ ተብሏል። ወንበሩ ላይ ስለሚቀመጠው ሰው ግን ብዙም አልተባለም። በአዲስ አበባ ለዓመታት ሠራተኞችን ለማስተርስ ያስተማርኩ እንደመሆኔ፣ የጥራቱ ችግር አንዱ ሥር እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ዛሬ በአንድ ክፍል ሦስት ዓይነት ተማሪ አለ። አንደኛው በደርግ ዘመን መጨረሻ ማትሪክ የተፈተነና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ፀጉሩ የሸበተ ነው። ሁለተኛው በ1997 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን የሳተላይት ትምህርት፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» የምንለውን፣ እያየ ያደገ ነው። ሦስተኛው በ2015 ዓ.ም. በመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ላይ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረውን የመውጫ ፈተና አልፎ የመጣ፣ መጽሐፉም ደብተሩም ስልኩ ውስጥ ያለ ወጣት ነው። አንዱ መምህሩ ያለውን ቃል በቃል መጻፍ፣ ሌላው «ይድገሙልኝ» የማይባል የስክሪን መምህር መከተል፣ ሦስተኛው ጥያቄ በተነሳ ቁጥር ስልኩን መጎርጎር ለምዷል።

ይህንን ልዩነት ብዙዎች «የአማማር ስልት» ይሉታል። አንዱ በዓይኑ ሌላው በጆሮው ይማራል የሚለው አባባል በመምህራን ሥልጠናዎች ጭምር ይደመጣል። ሆኖም ሃሮልድ ፓሽለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት የጥናቶች ግምገማ፣ ተማሪን በዚህ መልክ ከፋፍሎ ማስተማር ውጤት እንደሚያሻሽል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኙም። በእኔም እምነት ልዩነቱ የልምድና የልማድ እንጂ የዓይንና የጆሮ አይደለም።

ይህ ጎልቶ የሚታየው በቡድን ሥራ ላይ ነው። ወጣቱ ይተይባል፣ መካከለኛው ክፍል ፊት ቆሞ ያቀርባል፣ አንጋፋው «ጋሼ» ተብለው ይከበሩና ይመርቃሉ። ጋሼን መሞገት ነውር ስለሆነ ክርክር የለም። ማርኩ እኩል ይሰጣል፤ ሁሉም ቀድሞ የሚችለውን ብቻ ሠርቶ ይወጣል።

ቋንቋውም ሌላ እንቅፋት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ የከፍተኛ ትምህርት መማሪያ እንግሊዝኛ እንዲሆን ደንግጓል፤ በዚህ የተነሳ አንጋፋው ሠራተኛ የሚያውቁትን ይዘው ዝም ይላሉ። አንድ ጊዜ ስለ መንግሥት ግዢ ስናነሳ ውይይቱ በአማርኛ እንዲሆን ፈቀድኩ። አንድ አንጋፋ ተማሪዬ በጀት ሊዘጋ ሲል፣ በሰኔ፣ ግዢ ለምን እንደሚጣደፍና በጥድፊያው ምን እንደሚባክን ከመጽሐፍ በማይገኝ ዝርዝር አስረዱ። ከኋላ የተቀመጠች ወጣት ደግሞ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ይህ በየዓመቱ መሆኑን በቁጥር ማሳየት ይቻላል?» አለቻቸው። የጥናት ርዕስ ማለት ይኸው ነው። እኛ ግን የውጭ ኩባንያ ምሳሌ ከስላይድ ላይ እያነበብን የቆጡን ስናወርድ የብብታችንን እንጥላለን።

ማልኮም ኖውልስ ዐዋቂን ስለማስተማር እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ የዐዋቂ ተማሪ ዋናው ሀብት የራሱ ልምድ መሆኑን ጽፎ ነበር። ይህ ሀብት ካልተጠየቀ የሚከተለውን እያየን ነው። ዲግሪው ለዕድገት መወዳደሪያ ብቻ ይፈለጋል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ በገንዘብ ይሠራል፣ አሁን ደግሞ በቻትጂፒቲ በነፃ ይጻፋል። ስለ ማንም ያልሆነን ጽሑፍ ማንም ሊጽፈው ይችላል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የጥናቱ ርዕስ ተማሪው ከሚሠራበት ቦታ ይነሳ። በቡድን ሥራ የሥራ ድርሻው በየጊዜው ይቀያየር፤ ጋሼም ይተይቡ፣ ወጣቱም ይሟገት። ማርኩም በቃል ተጠይቆ ይሰጥ። እርግጥ ነው፣ በሰዓት የሚከፈለውና ከኮሌጅ ኮሌጅ የሚሮጥ መምህር ስድሳ ሰው በቃል ይጠይቅ ማለት ይከብዳል። ስለዚህ ተቋማት የተማሪውን ቁጥር ከመምህሩ ጊዜ ጋር ማመጣጠን አለባቸው። ያ ካልሆነ የምናስመርቀው ሰው ሲገባ የነበረውን ዕውቀት ሳንጠይቀው፣ የሌለውንም ሳንጨምርለት ይወጣል።