ወደ ጥቅምት የተመለሰው ኮምፒዩተር

በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ወር፥ አንድ ማክሰኞ ማለዳ፥ የቤቴ ኮምፒዩተር አልነሣም አለኝ። ቁልፉን ስጫነው ይበራል፤ ጥቂት ያጉረመርማል፤ ከዚያ በጥቁሩ መስታወት ላይ ሁለት መሥመር ነጭ ጽሑፍ አውጥቶ ዝም ይላል። እውነቱን ልናገርና፥ ከመደንገጥ ይልቅ ደስ አለኝ። ለምን ቢባል፥ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የኮምፒዩተሩን ሙሉ ምስል በተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ አንሥቼ በቁም ሣጥኔ አስቀምጬ ነበርና ነው። ስንት ጊዜ ለወዳጆቼ ስመክረው የኖርሁትን ጥበብ በራሴ ቤት የማሳይበት ቀን ደረሰ አልሁ።

የማስነሻውን ፍላሽ ሰካሁ፤ ዲስኩን አያያዝሁ፤ ምስሉን እንዲመልስ አዘዝሁት። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ሁሉ በምስሉ ውስጥ ባለው እንደሚተካ የሚገልጥ ማስጠንቀቂያ አወጣና እርግጠኛ መሆኔን ጠየቀኝ። እኔም እንደ ብዙው ሰው ሳላነብ «አዎን» የሚለውን ተጫንሁ። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ ኮምፒዩተሩ እንደ አዲስ ተነሣ። የአደይ አበባው ሥዕል በመስታወቱ ላይ ሲፈካ ባየሁ ጊዜ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቼ ባሳይ ደስ ባለኝ ነበር።

ማታ የእህቴ ልጅ መጣች። የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች፤ የራሷ ኮምፒዩተር ስለሌላት የመመረቂያ ጽሑፏን የምታዘጋጀው በእኔው ነው። ተቀምጣ ጥቂት ፈለገች፤ እንደገና ፈለገች። ከዚያም ዝግ ባለ ድምፅ፥ «ጋሼ፥ ጽሑፌ የለም» አለችኝ።

እውነትም የለም። ከጥቅምት ወዲህ የተጻፈ አንድ ፊደል አልተገኘም። እኔ ዳነ ያልሁት ኮምፒዩተር ወደ ጥቅምት ተመልሶ ኖሯል፤ እርሷ ደግሞ ጽሑፉን የጀመረችው በኅዳር ነው።

በማግሥቱ ኮምፒዩተሩን ተሸክሜ በሠፈራችን ወደሚጠግን አንድ ወጣት ሄድሁ። ልጁ ያንን የጥቁር መስታወት ጽሑፍ በስልኬ ካነሣሁት ፎቶግራፍ ላይ አነበበ፤ ዲስኩንም መረመረ።

«ጋሼ፥ ዲስክዎ እኮ አልሞተም ነበር» አለኝ። «የተበላሸው ዊንዶውስን የሚያስነሣው ክፍል ብቻ ነው። ፋይሎቹ እዚያው ደኅና ተቀምጠው ነበር። አስቀድመው እነሱን አውጥተው ምስሉን ከዚያ በኋላ ቢመልሱ ኖሮ ምንም ባልሆነ።»

ሦስት ሰዓት ያህል በመፈለጊያ ፕሮግራም ፈለገልኝ፤ ነገር ግን በተጻፈበት ላይ ሌላ ተጽፎበታልና የተገኘው ቁርጥራጭ ነው። ልጅቱ የሁለቱ ምዕራፎች ወረቀት፥ አማካሪዋ በቀይ ቀለም ያረመው፥ በእጇ ስለነበረ እንደገና ታይፕ አደረገችው። ሦስተኛውን ምዕራፍ ግን ከማስታወሻዋ እየለቀመች እንደ አዲስ መጻፍ ነበረባት፤ ማስረከቢያው ሊደርስ የቀረው 19 ቀን ነው። «ምንም አይደል፥ ጋሼ» ትለኝ ነበር፤ ይህን ስትለኝ ግን ፊቷን ወደ እኔ አታዞርም።

ይህን ያነበበ ሰው፥ እንግዲያስ ምስል ማንሣት ምን ይጠቅማል ይል ይሆናል። በጣም ይጠቅማል። በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ሲታመም የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ» ይባላል። ፍርዱ በሁለት ሰዓት ይፈጸማል፤ ቅጣቱ ግን ሳምንት ይቆያል። ደብዳቤዎቹን በፍላሽ ገልብጦ ያስቀመጠ ጸሐፊ ደብዳቤዎቹን መልሶ ያገኛል። ነገር ግን የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ የለም፤ ማተሚያው አይታዘዝም፤ የሒሳብ ክፍሉ ፒችትሪ ከነዝግጅቱ ጠፍቷል። በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ደግሞ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል፤ አለቃው «ይህ የየት አገር ቋንቋ ነው?» ቢል አይፈረድበትም። ይህ ሁሉ በሰኔ መጨረሻ፥ በጀት ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው ቢደርስ ምን እንደሚመስል፥ የመንግሥት ሠራተኞች የሆናችሁ አንባቢዎቼ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

ሙሉ ምስል፥ ባለሙያዎቹ ሲስተም ኢሜጅ የሚሉት፥ ዊንዶውሱ፥ ፕሮግራሞቹ፥ ፎንቶቹና ፋይሎቹ ሁሉ በአንድነት የሚነሡበት ፎቶግራፍ ማለት ነው። ኃይሉም ድካሙም ፎቶግራፍ ከመሆኑ ይመጣል። የተነሣበትን ቀን ሳያጎድል ይይዛል፤ ከዚያ ቀን በኋላ የሆነውን ግን አያውቅም።

አነሣሡ ከባድ አይደለም። በዊንዶውስ 10ም ሆነ በ11 ኮንትሮል ፓነል ገብታችሁ «ባክአፕ ኤንድ ሪስቶር (ዊንዶውስ 7)» የሚለውን ብትከፍቱ፥ በግራ በኩል «ክሪኤት ኤ ሲስተም ኢሜጅ» የሚል ታገኛላችሁ። የ7 ስም ይዞ በ11 ውስጥ መቀመጡ ያስቃል፤ ማይክሮሶፍትም በ2017 እ.አ.አ. ይህን መሣሪያ ከሚተዋቸው ተራ አግብቶ በሌሎች ድርጅቶች ፕሮግራም እንድንጠቀም መክሯል። ኮምፒዩተራችሁ ላይ እስካለ ድረስ ግን ይሠራል። ምስሉን የሚቀበለው ዲስክ በኤንቲኤፍኤስ የተሰናዳ ይሁን። ሥራው ሲያልቅ «ዊንዶውስኢሜጅባክአፕ» የሚባል ፎልደር በዲስኩ ላይ ይገኛል፤ ስሙን «የእኔ» ወይም «የቢሮ» ብላችሁ አትለውጡት፤ መላሹ ፕሮግራም የሚፈልገው በዚሁ ስም ነውና። የማስነሻ ፍላሽም አብራችሁ አዘጋጁ፤ ኮምፒዩተሩ ከታመመ በኋላ ለማዘጋጀት የሰው ኮምፒዩተር መለመን ይመጣል።

ሌላ በነጻ የሚገኝ ከፈለጋችሁ በታይዋን የተሠራው ክሎንዚላ አለ። መልኩ የድሮ ኮምፒዩተር ስለሚመስል መጀመሪያ ያስፈራል፤ ነገር ግን ያነሣው ምስል ሊመለስ የሚችል መሆኑን ራሱ ይመረምራል። ዲስክ ለዲስክ ሲገለበጥ ምንጩንና መድረሻውን ያምታታ ሰው ግን ባዶውን በሙሉው ላይ ይገለብጠዋል። ስለዚህ የሁለቱን መጠንና ስም አስቀድማችሁ በወረቀት ጻፉ።

ምስሉ ከተነሣ በኋላ ዲስኩን ነቅሎ ለብቻው ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ለዚህ ምስክር የሚሆነው በሜርስክ የደረሰው ነው። ሜርስክ የዴንማርክ ታላቅ የመርከብ ድርጅት ነው። ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም በመረቡ ገብቶ ኮምፒዩተሮቹን አወደመ። በዚህ ድርጅት የእያንዳንዱን ሠራተኛ መግቢያና ፈቃድ የሚመዘግቡ 150 ያህል ሰርቨሮች ነበሩ፤ አንዱ ለሌላው መጠባበቂያ እንዲሆን ሁሉም እርስ በርሳቸው ተያይዘው ይሠሩ ነበር። ሁሉም በአንድ ቀን ይጠፋሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። ጠፉ። ብዙ ከተፈለገ በኋላ ከጥፋት ያመለጠ አንድ ብቻ ተገኘ፤ እርሱም በጋና። ያዳነው ማን መሰላችሁ? የመብራት መጥፋት! ጥቃቱ ሳይደርስ በጋና መብራት ሄዶ ያ ሰርቨር ከመረቡ ተለይቶ ነበር። የጋናው መሥመር ቀጭን ስለነበረ ይዘቱን በመረብ መላክ ቀናት የሚፈጅ ሆነ፤ እዚያ የነበሩት ሠራተኞች ደግሞ የእንግሊዝ ቪዛ አልነበራቸውም። ስለዚህ አንዱ ዲስኩን ይዞ እስከ ናይጄሪያ በረረ፤ በአውሮፕላን ጣቢያው ለሌላ ባልደረባው አስረከበ፤ ያም ወደ ለንደን አደረሰው። የድርጅቱ ሰብሳቢ በኋላ እንደተናገሩት 4,000 ሰርቨሮችና 45,000 ኮምፒዩተሮች በ10 ቀን ውስጥ እንደገና ተሰናዱ። መብራት በጠፋ ቁጥር ማማረር ለለመደ እንደ እኔ ያለ ሰው ይህ ለማመን የሚቸግር ታሪክ ነው።

ፒተር ክሮግ የተባለው አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ በሰፊው ያስተዋወቀው ደንብም አለ፤ ሦስት ቅጂ፥ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፥ አንዱ ከቤት ውጭ። ለተማሪ ሦስቱ ይበዙበት ይሆናል፤ ሁለት ግን አይከብድም።

አሁን ወደ መመለሱ ልምጣ፤ እኔ የወደቅሁበት እርሱ ነውና። ኮምፒዩተር አልነሣም ያለ እንደሆነ ዲስኩ ሞቷል ማለት አይደለም። መጀመሪያ በማስነሻው ፍላሽ ገብታችሁ «ስታርትአፕ ሪፔር» የሚለውን ሞክሩ። እምቢ ካለ ፋይሎቹን አውጡ። ዲስኩን ፈትቶ በኬብል ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር ማያያዝ ይቻላል፤ ወይም ኡቡንቱን ከፍላሽ አስነሥቶ መገልበጥ ይቻላል። አንድ ሌላ ዘዴም ያ ጠጋኝ ልጅ አሳይቶኛል። በማስነሻው ፍላሽ የትእዛዝ መጻፊያውን ከፍታችሁ ኖትፓድን ጥሩ፤ ፋይል የሚከፈትበትን መስኮት አውጡና ሁሉንም ዓይነት ፋይል እንዲያሳይ አድርጉ። በዚያች ትንሽ መስኮት ፎልደር ኮፒ አድርጎ በሌላ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ግን ባለ 48 አኃዙ የመክፈቻ ቁጥር ከሌላችሁ አንዱም መንገድ አይሠራም፤ ቁጥሩን ዛሬውኑ በወረቀት ጻፉት፤ በዚያው በተቆለፈው ኮምፒዩተር ውስጥ ያስቀመጠ ሰው አውቃለሁ።

የምትፈልጉት ከምስሉ ውስጥ አንድ ፋይል ብቻ እንደሆነ ደግሞ ሁሉን መመለስ አያስፈልግም። የዊንዶውሱን ምስል በደኅና ኮምፒዩተር እንደ አንድ ዲስክ አያይዞ የፈለጉትን ብቻ ማውጣት ይቻላል።

በዚያው ዓመት በሐምሌ፥ ልጅቱ ጽሑፏን አስረክባ ከተመረቀች በኋላ፥ አዲስ ምስል አነሣሁ፤ አሁንስ ሳልሞክረው አላምነውም ብዬም ባዶ ዲስክ ልገዛ ወጣሁ። የእኔ ዲስክ 500 ጊጋባይት ነው፤ የያዘው ግን 120 ብቻ ስለሆነ ባለ 480ውን ፈጣን ዲስክ ገዛሁ። ምስሉ አልመለስም አለ። ዋናው ነገር የያዘው ብዛት ሳይሆን የዲስኩ ስፋት ኖሯል፤ መድረሻው ከምንጩ በጥቂቱም ቢሆን ማነስ የለበትም። ባለ ሱቁ ጨምሬ በባለ 1 ቴራባይት ለወጠልኝ።

አሮጌውን ዲስክ ፈትቼ በአዲሱ ተካሁና መመለሱን ጀመርሁ። የእህቴ ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ ትመለከት ነበር። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ እኔ የአደይ አበባውን ሥዕል ሳይ እርሷ በቀጥታ ወደ ጽሑፏ ሄደች፤ ሦስተኛውን ምዕራፍ ከፍታ እስከ መጨረሻው ወረደች።

«22 ገጽ፤ ሙሉ ነው፥ ጋሼ» አለችኝ።

ከዚያም ቦርሳዋን ከፈተችና የራሷን ፍላሽ አውጥታ እዚያው እያየሁ እንደገና ገለበጠችው። እኔም ምንም አላልሁ።