መድኃኒተኛ አልሆንም

በአብነት ሠፈር ከተከራየናት ክፍል ደጃፍ ላይ ጀሪካን ቆርጠን ጤና አዳምና ዳማከሴ መትከላችን በተቋማችን ከተሰማ ወዲህ ቀልዱ በዝቶብናል። «መምህርነቱን ትታችሁ መድኃኒተኛ ሆናችሁ እንዴ?» የሚሉን አሉ። «ቅጠል በጣሾቹ መጡ» ብለው የሚያሽሟጥጡንም አልጠፉም። ቀልዱን አብረን ስቀንበታል። ነገሩ ግን ከቀልድ ያለፈ ሆኖ ስላገኘነው ሐሳባችንን በዚህች ግድግዳ ላይ ለማስፈር ወስነናል።

ለዚህ ያበቃን በማስተማር ልምምድ ጊዜ ያጋጠመን ነው። ለሦስተኛ ክፍል ልጆች የዕፅዋትን ጥቅም እንድናስተምር ተመድበን፣ ቅጠል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስለን፣ «ዳማከሴ የሚያውቅ ማነው?» ብለን ጠየቅን። እጅ በእጅ ሆነ። አንዱን አስነስተን «እስቲ የት ይገኛል?» ብንለው፣ «እናቴ ከመርካቶ በፌስታል የምታመጣው ነዋ!» አለን። ክፍሉ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። ማታ ግን አራታችን ቁጭ ብለን ስንጠያየቅ፣ ዳማከሴን ከበሶብላ በቁመናው ለይቶ የሚያውቅ አንዳችን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ያውም ገጠር ያደግን ነን! ታዲያ በማን ነው የሳቅነው?

አከራያችን እትዬ እንደሚነግሩን፣ ድሮ በዚህ ሠፈር አጥር ሥር ጤና አዳም ያልነበረበት ግቢ ማግኘት ያስቸግር ነበር። ቡና ሲፈላ ልጅ ይላካል፣ ቅርንጫፏን ቀንጥሶ ይመጣል፣ በየስኒው ጣል ይደረጋል። የሌለው ከጎረቤት ይቀነጥሳል። ግቢው እየጠበበ፣ በየጥጉ ክፍል እየተቀጠለ ሲሄድ መጀመሪያ የሚነቀለው ያው ተክሉ ሆነ። በ2000ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ላይ በልደታ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ደግሞ ግቢ የሚባለው ነገር ራሱ ቀረ። ቤቱ ተሻሻለ፣ ውኃውና መጸዳጃው ተሻለ፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ቅጠሉን ለልጅ እያሳዩ «ይህ እንዲህ ይባላል፣ ለዚህ ይሆናል፣ ይህን ግን እንዳትነካ» የሚባልበት ቦታም አብሮ ሄደ። እኛን የሚያሳስበን ከቅጠሉ ይልቅ የዚህ ቦታ መጥፋት ነው።

እኛ ያደረግነው ቀላል ነው። የምግብ ዘይት የነበረበትን ቢጫ ጀሪካን በጎኑ ቀደድን፣ ሥሩን በሚስማር በሳሳን፣ ጠጠር አነጠፍን፣ አፈርና የበሰበሰ ፍግ ቀላቅለን ሞላን። (ፀረ ተባይ ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበትን ዕቃ ማንም እንዳይሞክር!) ዳማከሴው ከቅርንጫፉ ተተክሎ ያዘ። ጤና አዳሙ ፀሐይ ይወዳል፤ ውኃ ሲበዛበት ግን ሥሩ ይበሰብሳል፤ የመጀመሪያውን በፍቅር ብዛት አጠጥተን አጠጥተን ገደልነው። ጠጅ ሣሩን እትዬ ከሥሩ ከፍለው ሰጡን፤ እሱ እንኳ ምንም አያስቸግር። በሶብላችንን የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ፈጀው፤ ዘሩን አስቀምጠን በበልግ እንደ ገና ዘራን። ጎመኑ ደግሞ ከሥር ከሥር ቅጠሉ ሲሸመጠጥ ከላይ እያቆጠቆጠ ነው፤ አራት ሰው ባያጠግብም ለወጥ ማጣፈጫ ይሆነናል። አትክልት ያጠብንበት ውኃ አይደፋም፤ ለእነሱ ነው።

ደስታው ግን እንዲህ ተቆጥሮ አያልቅም። ስንቱን ፈተና ተፈትነን ስንመለስ ከበሩ ላይ የጠጅ ሣሩ ሽታ ሲቀበለን ያለውን ነገር ያልቀመሰ ሰው አያውቀውም። የጎረቤት ልጆች ጠዋት ጠዋት እየመጡ «ዛሬ ስንት ቅጠል አወጣ?» ብለው ይቆጥራሉ። ሒሳብም እዚያው ነው፣ ሳይንስም እዚያው ነው። ለሰሌዳ ያልተዋጠልን ትምህርት በጀሪካን ሰተት አለ።

አሁን ወደ ቀልደኞቹ እንመለስ። «ኋላ ቀርነት ነው» ለሚሉን መልሳችን እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እንዶድ የልብስ ሳሙና መሆኑን የማያውቅ አበሻ አልነበረም፤ እሳቸው ግን ቆም ብለው ተመለከቱ፣ መረመሩ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከሥራ ጓደኛቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዚሁ ሥራ ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ደግሞ ከአሪቲና ከጭቁኝ ጋር አንድ ወገን ከሆነ ተክል የወባ መድኃኒት አውጥተው በ2015 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመዋል፤ መነሻቸው የጥንት መድኃኒት መጽሐፍ ነበር። ታዲያ ኋላ ቀሩ ማነው?

ይሁንና ሌላኛውን ወገን ደግሞ ዝም ብለን አናልፈውም። «የአባቶቻችን ቅጠል እያለ ክሊኒክ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ፤ ይህን ሐሳብ እኛም ራሳችን በልባችን ይዘነው ነበር። አንዲት ጓደኛችን ዘመዶቿን ልትጠይቅ ቆላ ወርዳ በተመለሰች በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳትና ራስ ምታት ያዛት። «ምች ነው» አልን። በራሳችን ዳማከሴ ኮርተን ጨምቀን በቡና አጠጣናት፣ ገላዋን አሸናት፣ ጋቢ ደራርበን አላብናት። ለጊዜው ቀለል አላት፤ ማታ ባሰባት። እንዲህ እያልን ሦስት ቀን ሄደ። በአራተኛው ቀን መቆም ሲያቅታት እትዬ ተቆጥተው «ተነሡ! ቆላ የወረደ ሰው ደሙ ሳይታይ ይተኛል እንዴ?» ብለው አስወሰዷት። ወባ ነበር። ዳነች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኛ ግን ያን ሦስት ቀን አንረሳውም። ዳማከሴው ያደረገው በደል የለም፤ ያጠፋነው እኛ ነን።

ልብ በሉ፣ ያ ከላይ የጠቀስነው የቻይና ተክል እንኳ ቅጠሉን አፍልቶ በመጠጣት ወባን ማከም እንደማይገባ የዓለም የጤና ድርጅት ያስጠነቅቃል። ከቅጠሉ የሚገኘው መጠን አነስተኛና የተለያየ ነውና። የእኛዎቹም እንዲሁ ናቸው። ጤና አዳም በቡና መልካም ነው፤ ለነፍሰ ጡር ግን አይሰጥም፤ ጭማቂውም ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ከመታው ያቃጥላል፣ ያቆስላል። ኮሶ መጠኑ ሲያልፍ ዓይን ይጎዳል። ይህን ሳያውቁ መትከል ብቻውን ዕውቀት አይደለም። ትኩሳት ያለበት ሰው ቡናውን በዳማከሴ ይጠጣ፣ ማን ከለከለው፤ ግን እየጠጣ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ስለሚበላው ተክል ደግሞ አንድ ነገር ብቻ እንበል። በአዲስ አበባ ወንዞች ውኃ ከሚለማው አትክልት ውስጥ የፋብሪካ ዝቃጭ ያመጣው ከባድ ብረት እንደተገኘ በጥናት ታውቋል። አነሰም በዛም በገዛ እጃችን፣ በምናውቀው አፈርና በቧንቧ ውኃ ያበቀልነውን ጎመን ስንበላ ልባችን የሚያርፈው በዚህም ጭምር ነው።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለው ባዶ መሬት የተሰበረ ወንበር ከሚከመርበት ለሠልጣኞች ቢፈቀድ፣ ከየአገሩ የመጣን ልጆች ለዕረፍት ሄደን ስንመለስ አንዳንድ ተክል ከነስሙ፣ ከነጥቅሙና ከነጉዳቱ ይዘን እንምጣ። ከእናቶቻችን ጠይቀን እንጻፍ። ኦሮምኛ ተናጋሪ ጓደኞቻችን ዳማከሴን «ቆሪቻ ሚቺ» ይሉታል፤ የምች መድኃኒት ማለት ነው። የሌላውም አገር ስም ከጎኑ ይጻፍ። ነገ ወደየወረዳው ተመድበን ስንሄድ ያቺ የተጻፈች ነገር ከሻንጣችን ውስጥ ትኑር። የአስተዳደሩን መልስ እንጠብቃለን፤ ካልተሰጠንም ጀሪካን አለን።

እስከዚያው ድረስ የዳማከሴ ወይም የጠጅ ሣር ችግኝ የሚፈልግ ሁሉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አብነት ብቅ ይበል። የቀለዱብንም ይምጡ። ጀሪካኑን ግን እያንዳንዱ ራሱ ይዞ ይምጣ፤ የእኛ አልቋል።