ዕቃ ከመለወጥ አስቀድሞ ምክንያትን መፈለግ

(ከአንድ የንግድ ቤት ጸሓፊ)

በንግድ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ፈጽሞ ከቆመ መኪና ይልቅ አንድ ጊዜ ደኅና እየሠራ አንድ ጊዜ እየተደናቀፈ የሚሄድ መኪና ለባለቤቱ የበለጠ ወጪ ያመጣል። የቆመው መኪና ጉዳቱ ግልጽ ስለ ሆነ ተፈልጎ ይገኛል፤ የሚደናቀፈው ግን ጋራዥ ሲደርስ ጤነኛ ሆኖ ይታይና፥ ጭነት ተሸክሞ ዳገት ሲጀምር ሕመሙ ይመለስበታል። ባለቤቱም ምክንያቱ ሳይታወቅ ዛሬ ካንዴላ፥ ነገ ቦቢና፥ ከነገ ወዲያ ካርቡራተር እየገዛ ገንዘቡን ያባክናል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምፈልገው፥ ዕቃ መለወጥና ምክንያትን መመርመር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን፥ ምርመራውም ጋራዥ ከመድረሱ በፊት በንግድ ቤቱ ውስጥ መጀመር የሚገባው መሆኑን ነው።

ነገሩ በዚህ ዘመን እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፥ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። መለዋወጫ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ዕቃ ነው። ስለዚህ ያለ ምክንያት የተለወጠ አንድ ቦቢና የባለቤቱን ኪስ ከመጉዳቱም በላይ፥ ለሌላ አስፈላጊ ዕቃ ሊውል ይችል የነበረውን ምንዛሪ ጭምር ያጠፋል።

ለማስረዳት ያህል በአገራችን መንገድ ላይ የተለመደውን አሮጌ የቶዮታ ሃይሉክስ ቤንዚን ፒካፕ፥ ማለት ባለ አራት ሲሊንደርና ባለ ካርቡራተር የሆነውን እንውሰድ። እያንዳንዱ ሲሊንደር ሥራውን ለመፈጸም ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ እነርሱም በልክ የተደባለቀ አየርና ቤንዚን፥ በቂ እመቃ፥ በጊዜው የሚደርስ የእሳት ብልጭታ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ለጥቂት ጊዜ እንኳ ቢጐድል ያ ሲሊንደር ሥራውን ያቆማል፤ የቀሩት ሦስቱም እርሱን ጭምር ይጐትታሉ። ብልጭታው ቀርቶ እንደ ሆነ፥ ወደ ሲሊንደሩ የገባው ቤንዚን ሳይቃጠል በጭስ ማውጫው ይወጣል። በዚህ ምክንያት የመኪናው ጉልበት ሲቀንስ የቤንዚን ፍጆታው ይጨምራል።

ከዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። የቤንዚን ወጪ ሲጨምር የባለቤቱ ሐሳብ ወደ ሞተሩ ከመሄዱ በፊት ወደ ሾፌሩ ይሄዳል። ሳይመረመር የቀረ የሞተር ጉድለት የሰውን ስም የሚያጠፋና እንጀራውን የሚያሳጣ ሊሆን ይችላል።

የማውቀው አንድ የንግድ ቤት በዚህ ዓይነት ችግር ላይ ወድቆ ነበር። ፒካፑ ወደ ክልል ከተሞች ዕቃ ሲያመላልስ አንድ ሰዓት ያህል ከተጓዘ በኋላ ይደናቀፋል፤ ሾፌሩም ማደያ ገብቶ ቤንዚን ሲጨምር ደኅና ይሆናል። ካንዴላዎቹ ተለወጡ፥ ቦቢናው ተለወጠ፥ ካርቡራተሩም ተፈትቶ ታጠበ፤ ለውጥ ግን አልተገኘም። ሾፌሩ መንገድ ላይ ደጋግሞ ቤንዚን መቅዳቱ በደረሰኝ ስለ ታየ፥ ቤንዚን ይሸጣል ተብሎ ከሥራው ሊሰናበት ምንም ያህል አልቀረውም። ኋላ ግን የጉዞው ሁኔታ በደብተር መጻፍ ሲጀመር፥ ሕመሙ የሚቆመው ታንኩ ቢሞላም ባይሞላም ክዳኑ በተከፈተ ጊዜ ሁሉ መሆኑ ተገለጠ። ለካ የመጀመሪያው ክዳን ጠፍቶ በምትኩ የተገዛው ክዳን አየር ማስገቢያ የሌለው ነበር። ቤንዚኑ በተመጠጠ ቁጥር በታንኩ ውስጥ ያለው አየር እየሳሳ፥ ፓምፑ ቤንዚን መሳብ ያቅተው ነበር። ችግሩም በአንድ ክዳን ተፈጸመ፤ ሾፌሩም ከነክብሩ በሥራው ላይ ቈየ።

እንግዲህ የምመክረው የመጀመሪያው ነገር አንድ ደብተር በመኪናው ውስጥ እንዲቀመጥ ነው። ሾፌሩ ሞተሩ በተደናቀፈ ጊዜ አምስት ነገር ይጻፍ፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው ወይስ ሞቋል? መንገዱ ዳገት ነው ወይስ ሜዳ? ጭነት አለበት ወይስ ባዶ ነው? ዝናብ ወይም ጭጋግ ነበረ? በታንኩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ምን ያህል ነው? ይህን ለመጻፍ የመካኒክነት ትምህርት አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ ደብተሩ ራሱ መንገድ ያሳያል። መደናቀፉ በዝናብና በጠዋት ጭጋግ ጊዜ ብቻ ከሆነ፥ የካንዴላ ገመዶችንና የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን መመልከት ይገባል፤ በክዳኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ቢኖር እርጥበት ገብቶ ብልጭታውን ወደ ሌላ ስፍራ ይመራዋል። ይህም በጨለማ ሞተሩን አስነሥቶ ቢመለከቱት በዓይን ሊታይ ይችላል። ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ እየጠፋ ሲበርድ የሚመለስ ከሆነ፥ ቦቢናው ወይም ኮንዴንሰሩ ይጠረጠራል። ጭነት ባለበት ዳገት ላይ የሚደክምና ጥቂት ሲያርፍ የሚሻለው ከሆነ፥ የቤንዚን ፊልትሮውንና በታንኩ ውስጥ ያለውን ቆሻሻ መመርመር ነው። በሚኒሞ፥ ማለት ቆሞ ሲሠራ እየተንቀጠቀጠ ቤንዚን ሲሰጡት የሚስተካከል ከሆነ ደግሞ፥ በተሰነጠቀ ጐማ ቱቦ ወይም በማንፎልዱ ጓርኒሲዮን በኩል የውጭ አየር እየገባ ሊሆን ይችላል።

የአገራችንም አቀማመጥ መዘንጋት የለበትም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ስለ ሆነች፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ለቆላ አገር የተስተካከለ ካርቡራተር በደጋ ላይ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላውም ደረቅ ጥላሸት ይለብስና ብልጭታው ይደክማል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል፤ በዚያ ሙቀትና ዳገት ቤንዚን በቧንቧው ውስጥ ወደ እንፋሎትነት ተለውጦ ሞተሩን ሊያፍነው ይችላል። ስለዚህ የጉዞው መስመር ጭምር በደብተሩ ቢጻፍ መልካም ነው።

ሁለተኛው ምክሬ አንድ ነገር ብቻ በአንድ ጊዜ እንዲነካ ነው። እኛ በመዝገብ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች፥ ሒሳብ አልመዛዘን ሲል መዝገቡን በሙሉ ቀድደን አዲስ አንጽፍም፤ መስመር በመስመር እየተከተልን ስሕተቱ ያለበትን ገጽ እንፈልጋለን። ሞተርም እንዲሁ ነው። መካኒኩ መያዣው ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ መሣሪያ የካንዴላ ገመዶችን ተራ በተራ ለአጭር ጊዜ ቢያላቅቅ፥ ሲላቀቅ የሞተሩን ድምፅ የማይለውጠው ሲሊንደር ሥራ ያቆመው እርሱ ነው። ቀጥሎም የዚያን ሲሊንደር ካንዴላ ከሌላው ጋር ቢያለዋውጥ፥ ሕመሙ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የካንዴላው ነው፤ በቦታው ከቀረ ግን ሌላ ምክንያት አለ። ለዚህ ሁሉ አንድ ብር አይወጣም። የካንዴላውም መልክ ይናገራል፤ ቡናማ ከሆነ ጤና ነው፤ ደረቅ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ በዘይት ከራሰ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ነው፤ ከነጣ ቤንዚን አንሶታል ወይም ከልክ በላይ ሞቋል። ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ ሳለ ሕመሙ ከጸና፥ ያን ጊዜ የቫልቮቹን ክፍተትና እመቃውን በመለኪያ ማየት ተገቢ ነው።

አንዳንድ ሰዎች መካኒኩ ሥራውን ያውቃል፥ እኛ ምን አገባን ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፥ መካኒኩ ሞተሩን ያውቃል፤ ነገር ግን መኪናው በተደናቀፈ ጊዜ መንገድ ላይ አልነበረም። ጥሩ ሐኪም እንኳ የታማሚውን ቃል ሳይሰማ መድኃኒት አያዝም። ደብተር ይዞ የሚመጣ ደንበኛ የመካኒኩን ሥራ ያቃልላል እንጂ ክብሩን አይነካም።

የመለዋወጫ ነጋዴዎችንም የሚመለከት ቃል አለኝ። በመርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ በሌላ ስፍራ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማስታወቂያ የተለመደ ነው። ደንበኛው አላግባብ ያበላሸውን ዕቃ ተቀበሉ የሚል የለም፤ ይሁን እንጂ ቦቢናና ኮንዴንሰር በደንበኛው ፊት ተፈትኖ ቢሸጥ፥ በደረሰኙም ላይ የዕቃው ዓይነትና የተሠራበት አገር ቢጻፍ፥ ሻጩም ገዢውም ከጭቅጭቅ ይድናሉ። በእውነተኛው አምራች ስም የሚሸጥ አስመስሎ የተሠራ ካንዴላ ምርመራውን ሁሉ ያሳስታል፤ አዲስ የተገጠመ ዕቃ ጤነኛ ነው ተብሎ ስለሚታለፍ ጥፋቱ በሌላው ላይ ይፈለጋል። አስመጪዎችም ከትልልቁ ዕቃ ጋር ጐማ ቱቦውን፥ ጓርኒሲዮኑን፥ የታንክ ክዳኑንና ፊልትሮውን ቢያስቡ፥ በትንሽ ምንዛሪ ብዙ መኪና ከመቆም ያድናሉ።

አሮጌ መኪና በጥንቃቄ ከተያዘ ገና ለብዙ ዘመን ጭነት ያመላልሳል። ለዚህም በቅድሚያ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ነው፤ ከእነርሱም ጋር ሾፌሩን ከመክሰስና ዕቃ ከመግዛት በፊት የተጻፈውን አንብቦ የሚፈርድ ባለቤት ያስፈልጋል።