ታሪክን ከባቡሩ እንጀምር

ዘንድሮ በአንደኛው መንፈቅ ፈተና ላይ «ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በስንት ዓመት ነው?» ብለን ጠይቀን ነበር። ከተማሪዎቻችን ገሚሱ 1909፣ ገሚሱ 1917 ብሎ መለሰ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አንዱ በእኛ፣ ሌላው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ወረቀቱ ሲመለስ ግን አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ ባቡሩ ሁለት ጊዜ ነው እንዴ የገባው?» ብላ ጠየቀችን። አልቀለደችም። ከቤቷ ስትወጣ የምታየው ሁሉ በአንዱ ካላንደር ይቆጥራል፣ የአማርኛ መጽሐፏ ደግሞ በሌላው። ልዩነቱን ቁጭ ብለን አላስረዳናትም። ጥፋቱ የእኛ የመምህራኑ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስንነጋገር የደረስንበት ሐሳብ ይህ ነው፦ ጅቡቲ ለሚያድግ ኢትዮጵያዊ ልጅ ታሪክን ለማስተማር ከባቡሩ የተሻለ መነሻ የለም። ከአፉ ቃላት መጀመር ይቻላል። ልጆቻችን ፈረንሳይኛ ስለሚሰሙ «ለገሃር» የሚለው የአዲስ አበባ ሰፈር ስም ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል እንደመጣ ሲነገራቸው ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። «ፉርጎ»ም ከዚያው ነው። «ሃዲድ» ደግሞ ዓረብኛ ሲሆን ብረት ማለት ነው፤ ይህንን ዓረብኛ የሚያውቁት ልጆች ከእኛ ቀድመው ይናገራሉ። ማን ከማን ጋር እንደሠራና እንደተነጋገረ ቃላቱ ራሳቸው ይመሰክራሉ።

የሚያስደስት ትምህርት ግን ልክ ካልሆነ ተረት ነው። ብዙዎቻችን ልጅ ሳለን «ባቡርን አዲስ አበባ ያስገቡት አፄ ምኒልክ ናቸው» ተብለን ተምረናል። ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት በ1886 (በአውሮፓ 1894) ነው፤ ሥራው ከጅቡቲ የተጀመረው በ1890 ግድም ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ያረፉት በ1906 ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ ሲደርስ በዙፋኑ ላይ ንግሥት ዘውዲቱ ነበሩ። ይህን ማረም የምኒልክን ክብር አይቀንስም። እንዲያውም እውነተኛው ታሪክ ይበልጥ ልብ ይሰቅላል፤ ገንዘብ ያጠረው ኩባንያ ወደ ፈረንሳይ መንግሥት ሲጠጋ ምኒልክ እንደተቆጡ፣ ሃዲዱም ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት እንደቆመ ልጆች ሲሰሙ «ከዚያስ?» ይላሉ። ድሬዳዋ ራሷ የተቆረቆረችው መስመሩ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ መሆኑን ስንነግራቸው ደግሞ፣ የድሬዳዋ ዘመድ ያላቸው ልጆች (ያልሆነ እዚህ ማን አለ?) ቀና ብለው ይቀመጣሉ።

አንዳንድ ወላጆች የማይወዱት ክፍልም አለ። መስመሩ ያለፈው በኢሳዎች የግጦሽ መሬት ላይ ነው፤ በሥራው የመጀመሪያ ዓመታት ግጭት ነበር፣ ሰው ሞቷል። የጅቡቲ ልጆች ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ የእነሱ አያቶች በእኛ መጽሐፍ ውስጥ እንዲሁ «መንገድ ላይ የነበሩ ሰዎች» ሆነው ሊያልፉ አይገባም። «ባቡሩ የማን ነው?» ብለው ልጆቻችን በእረፍት ሰዓት ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲከራከሩ ሰምተናል። አንዱ ወገን ምኒልክን፣ ሌላው ፈረንሳይን ይጠራል፤ ድንጋይ የፈለጠውን ግን የሚያነሳ የለም።

የአፄ ኃይለ ሥላሴ ስደትም በዚሁ መስመር ነው። ሚያዝያ 1928 (በአውሮፓ ግንቦት 1936) ጣሊያን ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ በባቡር ጅቡቲ ደርሰው፣ ከዚሁ ወደብ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ሄዱ። ይህን በመጽሐፍ ገጽ ላይ ማንበብና ወደቡን እያዩ መስማት አንድ አይደለም።

ስለዚህ በሚመጣው ዓመት ከ6ኛ ክፍል ጀምሮ እያንዳንዱን ዓመት በሁለቱም አቆጣጠር እንጽፋለን። ልጆቹን ወደ አሮጌው ጣቢያ፣ ቀጥሎም በ2009 ወደተከፈተው አዲስ መስመር ጣቢያ፣ ወደ ናጋድ፣ እንወስዳቸዋለን። ከማኅበረሰባችን በምድር ባቡር የሠሩ አባቶችና እናቶችም ክፍል ድረስ መጥተው እንዲያወሩልን እንፈልጋለን። የሚነግሩንን ልጆቹ ይጽፉታል፤ ከዚያም ከመጽሐፍ ጋር ያመሳክሩታል። የማይገጥም ነገር ሲያገኙም ተመልሰው ይጠይቃሉ፤ እባካችሁ አትቆጧቸው። የድሮ የደመወዝ ወረቀት፣ የባቡር ትኬት ወይም ፎቶግራፍ ያላችሁ ወላጆች ለማሳየት ብቻ ይዛችሁልን ኑ። ዋናውን አንወስድባችሁም፤ ቅጂ አንስተን እንመልሳለን።