የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ለእግራቸው ተዉላቸው

አሶሳ ውስጥ ሯጭ ልጆችን ሳሠለጥን ከባልደረቦቼ ጋር የማያስማማኝ አንድ ነገር አለ። ውድድር ሲቃረብ ልምምድ መቀነስ አለበት እላለሁ፤ እኛ ጋ ግን የሚጨመረው ያኔ ነው።

ምክንያቱ አይጠፋኝም። የአገር አቀፍ ሻምፒዮና ገንዘብ የሚለቀቀው ጉዞው ሲደርስ ነው። ከባምባሲ፣ ከሆሞሻ፣ ከኩርሙክ የሚመጡት ልጆች አንድ ላይ የሚያድሩትም ያኔ ነው። አሠልጣኙ በእጁ ያለችው ሁለት ሳምንት ስለሆነች የወራቱን ሥራ በእሷ ሊያካክስ ይነሳል፤ ጠዋት ዙር፣ ከሰዓት ዳገት፣ ያውም በሚያዝያ የአሶሳ ፀሐይ። ይባስ ብሎ ለመንገድ ጥቂት ቀን ሲቀር ማጣሪያ ይደረጋል። ልጁ ያለ የሌለ ጉልበቱን እዚያው ጨርሶ አውቶቡስ ላይ ይወጣል፤ ውድድሩ አዲስ አበባ ከሆነ መንገዱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አሶሳ 1,570 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ትበልጣለች። ደክሞ የደረሰ ልጅ እዚያ ትንፋሹ ቢያጥረው ምን ይገርማል?

ከባድ ልምምድ መጀመሪያ የሚያመጣው ድካም ነው። ጉልበቱ የሚገኘው ሰውነት ሲያርፍና ራሱን ሲጠግን ነው፤ ያም ቀናት ይፈጃል። ሰኞ የተሠራ ከባድ ዙር ሐሙስ ለሚሮጥ ልጅ የእግር ሕመም ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ፣ በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ጽሑፍ የተሻለውን መንገድ አሳይቷል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የልምምዱን መጠን ከ41 እስከ 60 በመቶ መቀነስ፣ ፍጥነቱን ግን አለመንካት። ልብ በሉ፣ ይተኙ አላልኩም። 400 ሜትርን አሥር ጊዜ ይሮጥ የነበረ አምስት ጊዜ ይሩጥ፤ ሰዓቱ ግን ያው ይሁን።

«ልጆቹ ይሰንፋሉ» የሚል አይጠፋም። ለእሱ መልሴ ይህ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ 2:03:59 ገብቶ የማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው፣ ውድድሩ ሲቃረብ ባቱን አሞት ልምምድ ካቋረጠ በኋላ ነበር። ያሳረፈው ሕመም እንጂ ዕቅድ አይደለም፤ ቢሆንም ከዚያ በፊት የሠራው ሁሉ እግሩ ውስጥ ነበር።

ገንዘቡን የምትይዙ ሰዎች ሆይ፣ ማጣሪያውን ቢያንስ አንድ ወር ቀደም አድርጉት፤ በጀቱንም ያኔ ልቀቁ። የመጨረሻው ካምፕ ልጆቹ ጠግበው የሚበሉበትና የሚተኙበት ይሁን።